ኮረሪማ ከጥላ ሥር፦ ከተከላ እስከ ማድረቅ ዝርዝር መመሪያ

ኮረሪማ የጫካ ተክል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሲተከል ግን ይረሳል። ማሳው ይመነጠራል፣ ይታረሳል፣ ኮረሪማው እንደ በቆሎ ፀሐይ ላይ ይደረደራል። ቅጠሉ ሲቃጠል፣ አገዳው ሲቀጭጭ፣ ዓመታት አልፈውም ፍሬ ሲታጣ «መሬቱ አልተስማማውም» ይባላል። መሬቱ ያው ነው፤ የጎደለው ከላዩ የተቆረጠው ዛፍ ነው። ሁለተኛው ትልቅ ጥፋት የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ዓመት የተደከመበት ፍሬ አረንጓዴውን ይለቀምና እርጥብ መሬት ላይ ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚነበበው በእነዚህ ሁለት ጫፎች ላይ የሚያተኩር ነው።

ተክሉን በቅርበት ማወቅ

ኮረሪማ በሳይንሳዊ ስሙ አፍራሞሙም ኮሮሪማ ይባላል፤ የዝንጅብልና የእርድ የቅርብ ዘመድ ነው። ሻይ ውስጥ ከሚገባው ሄል ጋርም ቤተሰብ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሄል ትንሽ፣ አረንጓዴና ከሌላ ተክል የሚገኝ ነው፤ አንዱን በሌላው ስም መሸጥም መግዛትም ስህተት ነው። የኮረሪማ አገር ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፦ ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ጂማ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከዚያም ወደ ጋሞ ጎፋና ደቡብ ኦሞ ደጋማ ጥግ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በተመዘገበው የከፋ ደን ውስጥ ከጫካ ቡና ጋር አንድ ጥላ ተጋርቶ ይኖራል።

የሚስማማው ከፍታ በግምት ከ1,350 እስከ 2,000 ሜትር፣ የሚፈልገው ዓመታዊ ዝናብ ደግሞ ከ1,300 ሚሊ ሜትር የማያንስ ነው። ዝናቡ ከመጠኑ ይልቅ ስርጭቱ ይበልጥ ዋጋ አለው። በሁለት ወር ወርዶ የሚያቆም ዝናብ መጠኑ ቢሞላም ለኮረሪማ አይበቃውም። ውርጭ የሚነካው ቦታ ላይ ጭራሽ አይተከልም።

አሁን ወደ አካሉ። ከላይ የሚታየው ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ባለ ቅጠል አገዳ ነው። ዋናው ተክል ግን ከአፈሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተጋድሞ የሚሄደው ሥረ ግንድ ነው። አዲስ አገዳም አበባም የሚወጣው ከዚህ ሥረ ግንድ ነው። አበባው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ከአገዳው አናት ላይ ሳይሆን ከታች፣ መሬት ለመሬት፣ በቅጠል ርጋፊ መካከል ብቅ ይላል። ፍሬውም እዚያው መሬት ላይ ያድጋል፤ ሲበስል ደማቅ ቀይ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነው። ውስጡ በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን የሚያብረቀርቁ ቡናማ ዘሮች በነጭ ሥጋ ተጠቅልለው ይገኛሉ።

ይህን አቀማመጥ የተረዳ ሰው ከግማሽ በላይ የሆነውን ስህተት ያስቀራል። ዶማ ይዞ ግርጌውን የሚኮተኩት ሰው ሥረ ግንዱንም አበባውንም እየቆረጠ ነው። ከብት የሚገባበት ማሳ ፍሬው ይረገጣል። ማዳበሪያውን ግርጌው ላይ የሚከምር ሰው አበባውን ይቀብረዋል፤ ንብም አያገኘው።

ቦታና ጥላ

ቦታ የሚመረጠው ቀና ብሎ በማየት ነው። ቀትር ላይ ቦታው መሐል ይቁሙና መሬቱን ይመልከቱ። ከመሬቱ ግማሽ ያህሉ ጥላ፣ ግማሹ የብርሃን ጠብታ ሆኖ ከታየ ተስማሚ ነው። ምንም ብርሃን የማያርፍበት ድቅድቅ ጥላም ችግር ነው፤ ተክሉ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ አበባ ግን አይሰጥም። ሲጸድቅ አይቶ «ያምራል» ብሎ መተው ብዙዎችን ያሳስታል። ጥላው ሲያንስ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ቅጠሉ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ ቀን ቀን ይጠቀለላል፣ አዲሱ አገዳ ከአሮጌው ያጠረ ይሆናል።

ለጥላ የሚመረጡት ቅጠላቸው ሳሳ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ረግፎም ቶሎ የሚበሰብስ የአገር ዛፎች ናቸው። ሰሳ፣ ብርብራና ዋንዛ ጥሩ ናቸው። ሰሳና ብርብራ ናይትሮጅን ወደ አፈር ስለሚመልሱ ጥቅማቸው እጥፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አይሞከርም፤ ውኃውን ይሻማል፣ ርጋፊውም አፈሩን አያለማውም። ነባር ዛፍ የሌለበት ጓሮ ከሆነ መጀመሪያ የጥላ ዛፉ ይተከል፤ ኮረሪማው ሁለትና ሦስት ዓመት ይጠብቅ። መጠበቅ ካልተቻለ ሙዝ ወይም እንሰት ጊዜያዊ ጥላ ይሆናል፤ ዛፉ ሲደርስ ይነሳል።

ነባር ጫካ ካለዎት ዛፍ አይቁረጡ። ጥላው ከበዛ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ከዝናብ በፊት ማሳሳት ይበቃል። ኮረሪማ ደን ቆሞ ገቢ ከሚሰጥባቸው ጥቂት ተክሎች አንዱ ነው፤ ይህን ጥቅሙን በገዛ እጅ ማጥፋት ያሳዝናል።

አፈሩ ጥልቅ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ብስባሽ የበዛበትና ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት። ለመፈተሽ ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት 50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፍሩና ውኃ ይሙሉበት። በማግስቱ ጠዋት ውኃው ካልሰረገ ቦታውን ይተዉት፤ ሥረ ግንዱ ይበሰብሳል። ተዳፋት መሬት ግን አያስፈራም፤ የተጠላለፈው ሥረ ግንድ አፈር አቅፎ ይይዛል፣ ጎርፍንም ይገታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ ማሳዎችን እንዳልነበሩ አድርጓል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ፣ ኮረሪማም የዝንጅብል ዘመድ ስለሆነ፣ ዝንጅብል ጠውልጎ በሞተበት መሬት ላይ ኮረሪማ አለመትከል ይሻላል። ከእንዲህ ያለ ማሳ የመጣ ዶማና ቢላም ሳይታጠብ ወደ ኮረሪማ አይግባ።

የሚተከለውን መምረጥ

ኮረሪማ በሥረ ግንድም በዘርም ይራባል። በሥረ ግንድ የተተከለው በሁለትና ሦስት ዓመት ፍሬ ይጀምራል፣ በዘር የተነሣው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያስጠብቃል። እናቲቱን ሳይቀይር የሚመስላት ልጅ የሚገኘውም ከሥረ ግንድ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው ሥረ ግንድ ነው።

እናት የምትመረጠው ግን በተከላ ጊዜ አይደለም። በተከላ ጊዜ ሁሉም ቁጥቋጦ አንድ ይመስላል፤ ለምለሙ መሐን ሊሆን ይችላል። ፍሬ በሚለቀምበት ወቅት በማሳው ይዘዋወሩና ትልልቅና ብዙ ፍሬ የያዙትን ቁጥቋጦዎች በቀለም ክር ወይም በገመድ ያስሩ። ዝናብ ሲጀምር የሚቆፍሩት የታሰሩትን ብቻ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ከቁጥቋጦው ዳር፣ ወጣት ሥረ ግንድ ካለበት በኩል አፈሩን በእጅ ይግለጡ። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት አገዳ የያዘና ቢያንስ ሁለት ያልፈነዱ ዓይኖች (ቡቃያ የሚወጣባቸው እብጠቶች) ያሉት ቁራጭ በተሳለና በታጠበ ቢላ ይቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ፣ ውኃ ያቀረረ ወይም የሚሸት ከሆነ ይጣል፣ ቢላውም እንደገና ይታጠብ። አገዳዎቹን ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁረጧቸው፤ ሥር ሳይይዝ ቅጠሉ ውኃውን እንዳይጨርሰው ነው። ቁራጮቹን በእርጥብ የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል ይጠቅልሉ፤ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ይትከሉ። ከአንድ ቁጥቋጦ ከሲሶው በላይ አይውሰዱ፤ ከጫካ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከሥሩ ተነቅሎ የተወሰደ የጫካ ኮረሪማ ተመልሶ አይበቅልም።

በዘር የሚሞክር ሰው ማወቅ ያለበት ከገበያ የተገዛ ደረቅ ኮረሪማ ለዘር እንደማይመች ነው። ቀልቶ የበሰለ ትኩስ ፍሬ ይሰነጠቅ፣ ዘሩ ከአመድ ወይም ከአሸዋ ጋር ታሽቶ ነጩ ሥጋ ተለቅቆ ይታጠብ፣ ሳይደርቅ በጥላ መደብ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራ። መደቡ ሣር ይልበስ፣ ዘወትር እርጥብ ይሁን። ለመብቀል ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በአንድ ወር ተስፋ ቆርጦ መደቡን መገልበጥ አይገባም። ችግኙ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ ማሳ ይወጣል። በዝርያ ምርጫ ላይ የሚሠራው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ስለሆነ በአካባቢው ያለ ሰው ምክር ቢጠይቅ መልካም ነው።

ተከላ

ጊዜው ዝናቡ አስተማማኝ ሲሆን ነው። በደቡብ ምዕራብ ከመጋቢት ጀምሮ ዝናብ ስለሚኖር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የተተከለ ከበጋው በፊት ሥር ለመስደድ በቂ ወራት ያገኛል። ነሐሴና መስከረም ላይ የተተከለ ብዙውን ጊዜ በጥር ይጠወልጋል።

1. ከተከላው አንድ ወር በፊት ወርዱም ቁመቱም 40፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ያስቀምጡ።

2. በጉድጓዶች መካከል 2 ሜትር ይተዉ። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጓሮ 25 ቁጥቋጦ፣ አንድ ሄክታር ደግሞ 2,500 ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል፤ ሥረ ግንዱ ሲስፋፋ ግን ክፍተቱ ይሞላል። ቡና ባለበት ማሳ ከቡናው ግንድ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይራቅ።

3. የላዩን አፈር ከ2 እስከ 3 ኪሎ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይሙሉ። ያልበሰለ እበት አይግባ፤ ሙቀቱ ዓይኑን ያቃጥለዋል።

4. ሥረ ግንዱን አግድም ያስተኙ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይና ወደ ጎን ይዩ። ከላዩ ያለው አፈር ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጠልቆ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከላይ ከቀረ ይደርቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጥለቅ ነው።

5. አፈሩን በእጅ ጠቅጠቅ ያድርጉና 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የቅጠል ጉዝጓዝ ያልብሱ። ከአገዳው ዙሪያ አንድ መዳፍ ያህል ክፍት ይተዉ።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ አዲስ ቡቃያ ያልታየበትን ጉድጓድ ከፍተው ይመልከቱ። ሥረ ግንዱ ጠንካራ ከሆነ መልሰው ይሸፍኑት፤ ለስልሶ ከሆነ አውጥተው ዝናቡ ሳያልፍ ይተኩት።

እንክብካቤ

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ አረም ነው። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይታረማል፤ ከቁጥቋጦው 50 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ግን ማጭድም ዶማም አይገባም፣ በእጅ ብቻ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ቅጠሉ መሬቱን ስለሚሸፍን አረሙ ራሱ ይቀንሳል።

በየዓመቱ የዝናቡ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ 5 ኪሎ ያህል ኮምፖስት በዙሪያው፣ አዲስ አገዳ በሚሄድበት በኩል ይበተናል እንጂ መሐሉ ላይ አይከመርም። የጥላ ዛፍ ርጋፊ በደንብ በሚወድቅበት ማሳ ይህም ሊቀንስ ይችላል። ዩሪያ መጨመር አንመክርም፤ ቅጠል ያበዛል፣ የገዢውም ፍላጎት ቅጠል አይደለም።

የደረቀና ያረጀ አገዳ ከመሬት ተጠግቶ ይቆረጥና እዚያው እንደ ጉዝጓዝ ይተኛል። ይህ ሥራ ቀላል ቢመስልም አየርና ብርሃን ወደ ግርጌው ስለሚያስገባ የአበባውን ቁጥር ይወስናል። ንቦችም ክፍት ወደሆነ ግርጌ በቀላሉ ይገባሉ። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መርጨት ግን በገዛ እጅ ምርትን መቁረጥ ነው፤ አበባው ዕድሜው አጭር ስለሆነ ያመለጠው ቀን አይመለስም።

ዓመታት ሲያልፉ ቁጥቋጦው መሐሉ እየገረጣ ፍሬው ወደ ዳር ይሸሻል። ይህ ሲታይ መሐሉ ያለውን አሮጌ ሥረ ግንድ ቆፍረው አውጥተው ቦታውን በኮምፖስት ይሙሉት፤ ከዳር የሚነሣው ወጣት ቁራጭም ለአዲስ ተከላ ይሆናል። በየሁለት ረድፉ 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ካልተጠበቀ ለቀማው አበባ መርገጥ ይሆናል። እንዲህ የተያዘ ማሳ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፍሬ ይሰጣል።

ቀይ ፍሬ ላይ የሚሻሙት ጦጣ፣ ዝንጀሮና ጃርት ናቸው፤ የሚወዱት ነጩን ጣፋጭ ሥጋ ነው። ከጥበቃ ሁሉ የሚሻለው የበሰለውን ሳያሳድሩ መልቀም ነው።

ለቀማ

ኮረሪማ አንዴ አብቦ አንዴ አይበስልም። አበባው ከጥር እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይመጣል፤ ፍሬው ካበበ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ በየ7 እስከ 10 ቀኑ መመላለስ ግድ ነው። የሚለቀመው ከአንገቱ እስከ ታቹ ሙሉ በሙሉ የቀላ ብቻ ነው። አረንጓዴው ዘሩ ገና ነጣ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ክብደቱም መዓዛውም ይጠፋል። ጎትቶ መንቀልም አይገባም፤ በአንድ የፍሬ አገዳ ላይ ያልደረሱ ፍሬዎችና አበባዎች አብረው ስላሉ ሁሉም ተያይዞ ይወጣል። በትንሽ ቢላ ከእግሩ መቁረጥ ይበቃል።

ሰው አረንጓዴ የሚለቅመው አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ሌላው እንዳይቀድመው ፈርቶ ነው። በጋራ ጫካ ውስጥ መድኃኒቱ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የለቀማ መጀመሪያ ቀን መወሰኑና ማስከበሩ ነው።

ማድረቅ

ዋጋው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የተለቀመው በዚያው ቀን ወደ ማድረቂያ ይሂድ፤ በጆንያ ታፍኖ ያደረ ፍሬ ይሞቃል፣ ይልማል፣ ይሻግታል። የተሰነጠቀውን፣ አውሬ የነከሰውንና ያልቀላውን ለይተው ያውጡ።

ለጀንፈል ቡና የሚሠራው ዓይነት አልጋ፣ ከመሬት ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ያለና ሽቦ ወይም የቀርከሃ ፍልጥ የተዘረጋበት፣ ለኮረሪማም የተመቸ ነው። ፍሬው ሳይደራረብ በአንድ ደርብ ብቻ ይሰጣል፤ ከተደራረበ ታችኛው ላብ ያወጣል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይገላበጣል፤ ሲመሽና ሲዘንብ ይሸፈናል። ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ሙሉ ፍሬ ለመድረቅ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በንጹሕ ወስፌ መውጋት ድርቀቱን ያፋጥነዋል፤ በክር ሰክቶ ማንጠልጠልም ነባር ዘዴ ነው፣ አየር በሁሉም በኩል ስለሚያገኘው ጥሩ ነው።

መሬት ላይ ማስጣት አፈርና እርጥበት ያመጣል፤ አስፋልት ዳር ማስጣት አቧራና የመኪና ዘይት። ምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ማድረቅ በዝናባማ ቦታ የተለመደ ነው፤ ግን ፍሬው ጭስ ጭስ ይላል፣ ያ ጠረንም አይለቅም። ዝናብ አልለቅ ብሎ ሌላ አማራጭ ከጠፋ በደረቀ እንጨት፣ ጭሱ ባነሰ ፍም ይጀመርና ፀሐይ ሲወጣ በአልጋ ይጨረስ።

መድረቁን ለማወቅ ከተለያየ ቦታ አሥር ፍሬ ይውሰዱ። ሲነቀነቅ ይንሿሿል? ዘሩ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ይላል? ውስጡ የሚጣበቅ ሥጋ የለውም? ከአሥሩ አንዱ እንኳ ከተጣበቀ ሁሉም ወደ አልጋው ይመለስ። መለኪያ ያለው ሰው እርጥበቱን ከ12 በመቶ በታች ያድርስ። ክብደት ለመጨመር ውኃ መርጨት ገዢን ማታለል ብቻ አይደለም፤ ሻጋታ ከሚያመጣቸው መርዞች አንዱ አፍላቶክሲን ሲሆን ጉበትን ይጎዳል፣ በመቀቀልም በመቁላትም አይጠፋም። የሻገተ ኮረሪማ ታጥቦ አይሸጥም፤ ይቀበራል።

ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ይቀመጥ። መዓዛው ያለው ዘሩ ውስጥ ባለው ተናኝ ዘይት ነው፤ ከዘይቱ ክፍሎች ዋነኛው ሲኒዮል የሚባለው ነው፤ ቅርፊቱ እንዳይተን ይጠብቀዋል። ጆንያው ከወለል 15፣ ከግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከላምባ፣ ከማዳበሪያና ከቆዳ ጋር አንድ ክፍል አይደር።

በማጀት

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮና የተነጠረ ቅቤ ያለ ኮረሪማ አይሟሉም፤ ቡና ላይ ጥቂት ዘር የሚጨምርም አለ። ለሆድ መነፋትና ለቁርጠት ዘሩን ማኘክ የቆየ ልማድ ነው፤ ሕመሙ ከበረታ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ሲዘጋጅ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ዘሩ ከስሱ ሽፋን ይለያል፣ በለዘበ እሳት አንድ ሁለት ደቂቃ ይታመሳል። መዓዛው ከተነሣ ወዲያው ይውጣ፤ ከጠቆረ ይመራል። ለ1 ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ ይበቃል፤ ከኮሰረቱና ከበሶብላው ጋር የሚገባው ቅቤው ቀልጦ አረፋው ከተገፈፈ በኋላ ነው። ክትፎ ላይ የሚነሰነሰው ግን በዚያው ዕለት የተወቀጠ ቢሆን ይመረጣል፤ የተፈጨው ኮረሪማ በሳምንታት ውስጥ ኃይሉ ይደክማል።

ውጭ አገር ሆኖ ኮረሪማ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የህንዶቹን ጥቁር ሄል ይገዛል። መልኩ ቢቀርብም ጭስ ጭስ ስለሚል ለሚጥሚጣና ለክትፎ አይሆንም፤ ለወጥ ከሆነ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ መሞከር ይቻላል። ከሐበሻ ሱቅ ሲገዙም የተፈጨውን ትተው ሙሉውን ፍሬ ይምረጡ፣ አንዱን ነቅንቀው ይስሙት፣ አስፈቅደውም ሰንጥቀው ያሽቱት።